ጋሽ ጌታሁን የሰረዟቸው መስመሮች

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። የጡረታ ደብተሬን የሰጠችኝ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ "እትዬ አስቴር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲጽፉ ኖሩ?" ብላ እየሳቀች ጠየቀችኝ። "የሌላ ሰው ቃል" አልኳት። ቀልድ መስሏት ደግማ ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር። የራሴን ቃል ጽፌ አላውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም በመጨረሻው ዓመቴ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይታደስ አይታደስ በተባለ ጊዜ የሆነውን ለማስረዳት ነው። አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ግማሹን ሰምተዋል፤ ግማሹን ደግሞ ከራሳቸው ጨምረውበታል።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ምዕራብ ዓባያ ነው፤ በጽሕፈት መኪና። ቢሮው አንድ ክፍል ነበር። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። የመጀመሪያው አለቃዬ ሙዝ እየላጡ ነበር ደብዳቤ የሚያጽፉኝ። አፋቸው ሞልቶ የተናገሩትን "ይድገሙልኝ" ስላቸው ይቆጣሉ፤ ገምቼ ስጽፈው ደግሞ "ይኼን እኔ ብያለሁ?" ይላሉ።

ከዚያ ቢሮ የማልረሳው ካርቦን ወረቀቱን ነው። ያገለገለ ካርቦን ብርሃን ላይ ሲያዝ በላዩ የተመታው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ ማንበብ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ስም ከስም ይቀላቀላል፤ በአንድ ሟች ውርስ ላይ የሌላ ሰው የሠርግ ፈቃድ ይመጣል። አንድ ቀን የራሴን ስም ከማላውቀው ሰው የቀብር ወጪ ጥያቄ ጋር ተጣብቆ አየሁት። ከዚያ በኋላ ካርቦን አላነበብኩም።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩ። ሴቻ በሚባለው ሰፈር፣ የገጠር መሬት ክርክር በሚታይበት አንድ ጽሕፈት ቤት፣ በመዝገብ ቤቱ ተመደብኩ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጽፍም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ጌታሁን ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ጌታሁን የጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነበሩ። ከመጻፋቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ባለጉዳይ ቆሞ አያናግራቸውም፤ ወንበር ከሌለ የራሳቸውን ይለቃሉ። ከደጋ የሚመጡት አብዛኞቹ አማርኛ ስለማይሆንላቸው ቃላቸውን በጋሞኛ እየሰሙ በቀጥታ በአማርኛ ይመቱታል። ሲጨርሱ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መልሰው በጋሞኛ ያነቡላቸዋል። እናቴ ጋሞ ስለነበረች ሁለቱንም እሰማለሁ፤ አንድ ቃል ሲጎድልባቸው ሰምቼ አላውቅም።

"የሰው ቃል አታሳምሪ" ይሉኝ ነበር። "ሰውየው 'ድንጋዩ ዋርካው ሥር ነው' ካለ 'የወሰን ምልክቱ በዋርካው ግርጌ ይገኛል' ብለሽ አትጻፊ። ነገ ሲነበብለት 'ይኼ የማን ቃል ነው?' ይላል።"

"አለቃ ፊት ግን ያምራል፣ ጋሼ።"

"አለቃው መሬቱ ላይ አይተኛም።"

ኮምፒውተሩ የገባው የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ሊያስተምረን የመጣው ሰው ሲስተሙን ሲያስተካክል "የተጠቃሚ ስም ማን ይሁን?" አለ፤ የጋሽ ጌታሁንን ስም አስገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት በእንግሊዝኛ "እንኳን ደህና መጣህ፣ ጌታሁን" ይላል። እሳቸውም ኮፍያቸውን አንስተው "እንኳን ደህና ቆየህ" ይሉታል። እኔ የምጽፈው ሁሉ በሳቸው ስም ነበር የሚቀመጠው።

ስለ አማርኛው ፕሮግራም ትንሽ ልናገር፤ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባም። በዚያን ጊዜው ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ልብስ ነበር ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ በላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ልብሱ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው። የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን እንደ ጽሕፈት መኪናው ስለነበር እኔና ጋሽ ጌታሁን ቶሎ ለመድነው።

ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ጋሽ ጌታሁን አንድ ልማድ አወጡ። ባለጉዳዩ ሲቀመጥ ዝም ብለው ያዩታል፤ ከዚያ ገና ምንም ሳይናገር አንድ ሁለት መስመር ይመታሉ፤ ወዲያው ይሰርዙታል። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምሩት። ምን እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው "ጣቴን ላሟሙቅ ነው" አሉኝ። አመንኳቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

እማማ ዘነበች ባሏ የሞተባቸው የኦቾሎ ሴት ናቸው። ቶራ የሚባል ጎረቤታቸው የእንሰት ጓሯቸውንና ከሥሩ ያለውን የገብስ ማሳ "የኔ ነው" ብሎ ከሰሳቸው። በእጁ የግብር ደረሰኝ ነበረው። እሳቸው ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አንድ አርብ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ እማማ ዘነበችና የማሳው ጉልበት የነበረው ልጃቸው ማርቆስ መጡ። ጋሽ ጌታሁን የሽማግሌዎቹን ቃል ሲመቱ እስከ ምሳ ሰዓት ደረሰ። የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር "ሰኞ አትመን እኛው ወጥተን እናስፈርማችኋለን" ብለው ሸኟቸው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጌታሁን ለቅሶ ሄዱ። አለቃው አስቸኳይ የነዳጅ ጥያቄ ጻፊ አሉኝ። እንደ እኔ ያሉ ጸሐፊዎች አዲስ ገጽ አንከፍትም ነበር። ኅዳጉና አርማው የተስተካከለ ያለቀ ደብዳቤ ከፍተን፣ የውስጡን አጥፍተን፣ በላዩ ጽፈን በሌላ ስም እናስቀምጣለን። ቅርብ የነበረው የሽማግሌዎቹ ቃል ነው። ከፈትኩት፤ አጠፋሁት፤ ስለ ነዳጅ ጻፍኩ፤ በሌላ ስም ማስቀመጡን ረስቼ ዝም ብዬ ሴቭ አደረግሁት። ወዲያው መብራት ጠፋ።

ሰኞ ጋሽ ጌታሁን ፋይሉን ሲከፍቱ ነዳጅ ነው። ወደ እኔ ዞሩ።

"መብራቱ ነው" አልኳቸው። "አርብ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቶ ይሆናል።"

መብራት መጥፋቱን ሁሉም ያውቃል። ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሽ ጌታሁን ኦቾሎ ወጡ። አንደኛው ሽማግሌ ቅዳሜ ዐርፈው እሑድ ተቀብረዋል። ሁለተኛው ታመው አንደበታቸው ተይዟል። ሦስተኛው አቶ ዋዳ ነበሩ፤ የከሳሹ የቶራ አባት። በራሳቸው ልጅ ላይ ነበር የመሰከሩት። "ርጥብ ሣር ይዤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ አልምልም። ጽፋችኋል" ብለው በራቸውን ዘጉ። በዓመቱ እሳቸውም ዐረፉ። ጋሽ ጌታሁን የሰሙትን ከራሳቸው ጽፈው ክርክሩን ለሚያየው ኮሚቴ ቢያቀርቡም ፊርማ የለውም ተብሎ አልተያዘላቸውም። መሬቱ በደረሰኙ ለቶራ ተወሰነ። ማርቆስ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሞያሌ ታየ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሰማም።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጋሽ ጌታሁን ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላነሱብኝም። ግን አርብ አርብ፣ መዝገቦቹን ቆልፈን ልንወጣ ስንል፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆሙና፣

"የምትነግሪኝ ነገር አለ?" ይሉኛል።

"የለም፣ ጋሼ።"

"ደህና።"

የሥራ ነገር የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ነበር። ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል። ስድስት ዓመት እንዲህ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ዐረፉ።

ከሞቱ በኋላ የተጠቃሚውን ስም የቀየረው የለም። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ መቀየሩን ግን አላውቅበትም። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት "እንኳን ደህና መጣህ፣ ጌታሁን" ማለቱን ቀጠለ። የውስጡ ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ቀን፣ የቢሯችን ሕንጻ ገና ወዳልተሠራበት ዘመን። አስተካክዬ እወጣለሁ፤ ስመለስ እዚያው ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ብርቄ ጠረጴዛውን እስከ ጠርዙ ታብስና ማሽኑን ትተዋለች።

"ለምን አትወለውይውም?" ስላት፣

"ባለቤቱ ሲገባ ይወልውለው፤ እኔ በሰው ዕቃ አልገባም" አለች። ስቃ ነው ያለችው። ግን አልወለወለችውም።

ሌሎቹ ክፍሎች በሙሉ አዲስ ኮምፒውተርና አዲስ ሲስተም አገኙ። እኔ ድሮ የተጻፈ ሲፈለግ የሚከፍተው ይኸው ማሽን ብቻ ነው እያልኩ አቆየሁት። ጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረው አለቃችን አቶ ተሾመ ጠሩኝ።

"ወይዘሮ አስቴር፣ ያን ሬሳ እርስዎ ሳይወጡ እንቅበረው" አሉ። "ወይ ይታደስ፣ ወይ ይጣል። ሁሉም ማሽን ከኔትወርክ ይገናኝ ተብሏል።"

ቅጹን ሰጡኝ። "በዚህ ኮምፒውተር ላይ ለሥራ የሚፈለግ መረጃ አለመኖሩን አረጋግጣለሁ" ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ። እኔ ከፈረምኩ ባለሙያዋ ፎርማት አድርጋ አዲሱን ሲስተም ትጭንበታለች። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ልፈርም ነበር። ይህን አልደብቅም። የነዳጁ ደብዳቤ አሁንም በሽማግሌዎቹ ፋይል ስም እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ዝርዝሩን ሳይ ስሙ ላይ እደርሳለሁ፤ ዓይኔን አነሳለሁ። ማሽኑ ቢታደስ እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩን የሚያውቅ አይኖርም።

ባለሙያዋ ሰላማዊት ትባላለች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ሙቀቱን ስትረግም ነው የምትውለው። መክደኛውን ፈትታ አቧራውን አየችና፣ "እትዬ፣ ይኼ ማሽን ነው የእህል ጎተራ?" አለች። ከዚያም ብዕሩን ይዤ ስታየኝ፣ "ቆይ፣ አይፈርሙ። አንድ ፋይል ወደ እኔ ላፕቶፕ ወስጄ ልሞክር። የሚፈለግ ቢወጣ ነገ እኔን ነው የሚሰቅሉኝ" አለች።

አንዱን በዘፈቀደ መረጠች፤ የአንድ ዶርዜ ሰው የካሳ ማመልከቻ። በአዲሱ ሲስተም የአማርኛው ፕሮግራም ስለሌለ በተራ ጽሑፍ መክፈቻ ከፈተችው። ምልክት ብቻ ሞላ። ወደ ታች ወርዳ ወርዳ ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው አላሉኝም?"

"አንድ ገጽ ነው።"

"እዚህ አራት ገጽ ነው።"

የድሮው ፕሮግራም ፋይል ሲያስቀምጥ ለፍጥነት ሲል የተሰረዘውን እንደማይጥለው ያን ጊዜ ነገረችኝ። እንዳይታይ ይሸፍነዋል እንጂ እዚያው ይተወዋል። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት በዚያ ገጽ ላይ የነበሩት ደብዳቤዎች ሁሉ ከሥሩ አሉ ማለት ነው። "ግን ማን ያነበዋል? ልብሱ የለም" አለች።

ሳላስበው ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። በስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች በባዶ እንጨት ላይ መምታት ጀመርኩ። እያንዳንዱ ምልክት የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጣቶቼ ያውቁታል፤ ቁልፉ የትኛው ፊደል እንደሆነም። ዓይኔ አላነበበውም። ጣቶቼ ናቸው ያነበቡት።

"ምን ይላል?" አለች ሰላማዊት።

"'ከዶርዜ በእግሩ መጣ። ጉልበቱን ይዞ ነው የተቀመጠው። ውሃ ይሰጠው።'"

"ይኼ ማመልከቻ ነው?"

"አይደለም።" ወደ ታች ወረድኩ። "'ነጠላዋ እርጥብ ነው። ስትናገር በሩን ታያለች።' ይኼ ሌላ ሰው ነው። 'ሁለት ወንድማማቾች። አንዱ ሲያወራ ሌላው ዓይኑን ይጨፍናል።'"

ጣት ማሟሟቂያው ይህ ነበር። ጋሽ ጌታሁን በየማመልከቻው ራስ ላይ በፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ ይሰርዙታል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ወረቀቱ የማን እንደሆነ እንዳይረሱ ይሆናል።

"እነዚህ ሰዎች የት ናቸው አሁን?" አለች።

"ብዙዎቹ ሞተዋል።"

"ጸሐፊውስ?"

"እሳቸውም።"

ከጀርባችን የድሮው ማሽን ማራገቢያ ይሽከረከራል። ሰላማዊት ላፕቶፗን ዘግታ ወንበሯን ከማሽኑ ራቅ አደረገች። ረፋድ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ሙሉ ገብታለች። "ምሳ ልብላ" ብላ ወጣች። አራት ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላም።

ላፕቶፗን ትታልኝ ሄዳለች። የእማማ ዘነበችን ፋይል አሻገርኩና ከፈትኩት።

የነዳጁ ደብዳቤ ከላይ ነው። ከሥሩ የሽማግሌዎቹ ቃል አለ፤ አንድም አልጎደለ። የአቶ ዋዳ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ቀስ አሉ። "ድንጋዩን ያኖርነው እኔና የዘነበች ባል ነን። ዝናብ ነበር። እሱ ያዘ፣ እኔ ቆፈርኩ። ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የሱ ነው። ልጄ ቢቆጣም ቃሌ ይኸው ነው።"

ከዚያ በታች ባዶ መስሎኝ ነበር። አንድ መስመር ቀርቷል። "አስቴር በላዩ ጽፋበታለች። መብራቱ አይደለም። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።"

በዚያ ሰኞ ፋይሉን ከፍተው ያዩ ጊዜ ጽፈው ሰርዘውታል።

ሌላ ፋይል ከፈትኩ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የተጻፈ። ከባለጉዳዩ መስመር ሥር፣ "ዛሬም አልነገረችኝም።" ሌላ ከፈትኩ። "አልነገረችኝም።" ከዓመት በኋላ የተጻፈ ከፈትኩ። "አርብ ነው። የለም አለች።" ማራገቢያው ይሽከረከራል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ስለ እኔ ይመቱ ነበር። የቁልፉን ድምፅ እሰማ ነበር።

ለምን ለአለቃ እንዳልተናገሩብኝ አላውቅም። በዚያ ቀን ቂም ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን እንደዚያ አላስብም፤ ግን ምን እንደሆነም ልናገር አልችልም።

ሰላማዊት ስትመለስ ነገርኳት። ብዙ አልተናገርኩም። "እትዬ፣ እኔ ምንም አላነበብኩም፤ እኔ ያየሁት ምልክት ብቻ ነው" አለች። ልትረዳኝ ብላ ነው። ብፈርም ዝም ትል ነበር።

ቅጹን ይዤ አቶ ተሾመ ዘንድ ገባሁ። ከፊርማው ቦታ በላይ "በዚህ ኮምፒውተር ላይ የሚፈለግ መረጃ አለ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ" ብዬ ጽፌበታለሁ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሦስት ወር ቀርቶዎት?" አሉ። "ዝም ብለው ፈርመው አይሄዱም? ማን ጠየቀዎት?"

"ተጠይቄያለሁ" አልኳቸው።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ሰላማዊት ፋይሎቹን በሙሉ በሌላ ዲስክ ገልብጣ "አሁን ቢታደስም አይጠፋም" አለች። "የሚያነበው ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። የቁልፉን አቀማመጥ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ በጽሕፈት ቤቱ የለም። ስለዚህ እኔ አንብቤ በአዲሱ ፊደል ገልብጬ እስክጨርስ ማሽኑ ከኔትወርክ ውጪ ሆኖ በነበረበት ይቆይ ተባለ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ እሄዳለሁ። ብርቄ "ዛሬም ለጌታሁን ሊጽፉ መጡ?" ትለኛለች። ወንበሬን ስቤ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ የገለበጥኩት የሽማግሌዎቹን ቃል ነው። ይዤው ኦቾሎ ወጣሁ። ከመኪና ወርጄ አቀበቱን በእግሬ ስጨርስ ጉሙ ወርዶ ከፊቴ አሥር እርምጃ አይታይም ነበር። ሰዎቹ ዱቡሻው ላይ፣ በጉባኤው ሜዳ፣ በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ነው የጠበቁኝ። ድምፃቸውን ሰማሁ እንጂ መልካቸውን ያየሁት ስጠጋ ነው። ቶራ መጥቷል። ፀጉሩ ሸብቷል። እማማ ዘነበች ብቻቸውን ከዳር ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለሽ ዛሬ ለምን?" አሉኝ።

"ስለተገኘብኝ ነው" አልኩ።

ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ በጋሞኛ አነበብኩ፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር። አቶ ዋዳ ጋ ስደርስ ቶራ አንገቱን ደፋ። "ልጄ ቢቆጣም" የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጠፍኩት።

"አነጋገሩ የሱ ነው" አለ ቶራ። "እሱ ያዘ፣ እኔ ቆፈርኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያወራው። ለእኔ ሳይነግረኝ ሞተ።" ተነሥቶ ከሜዳው ርጥብ ሣር ነጨና ይቅርታ እንደሚለመንበት ልማድ በሁለት እጁ ይዞ እማማ ዘነበች ፊት ተንበረከከ። ሣሩን ተቀበሉት። መሬቱ እንዲህ ተመለሰ፤ የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ሰዉ ሲበተን እማማ ዘነበች እጄን ይዘው ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ገብሱ ታጭዶ ነበር።

"መሬቱ መጣ" አሉ። "ማን ይቆፍረው?"

ጎንበስ ብዬ ከአጨዳ የቀረ አንድ የገብስ ዘለላ አነሳሁ።

"ያ ማሽን የጠፋ ያወጣል አሉ።"

"ጽሑፍ ነው የሚያወጣው፣ እማማ። ሰው አያወጣም።"

"ጽሑፉን ፈልጊልኝ። ማርቆስን ፈልጊልኝ።"

እንደማይገኝ አውቅ ነበር። እፈልጋለሁ አልኳቸው።

ሰባት ሳምንት ፈለግሁ። ሽማግሌዎቹ ቃል በሰጡበት ቀን በተጻፉት መስመሮች ላይ ስሙ የለም። እናቱ ከውሳኔው በኋላ ባስጻፉት ይግባኝም ላይ የለም። በመጨረሻ ከእሳቸው ጉዳይ ጋር በማይገናኝ የአንድ የኩልፎ ሙዝ ገበሬ የውሃ ቦይ ማመልከቻ ውስጥ፣ ከገበሬው መስመር ቀጥሎ አገኘሁት። ቀኑ ውሳኔው በተነበበ ማግስት ነው። ማሽኑ ያኔ ቀኑን ይይዝ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ እንደገና ኦቾሎ ወጣሁ። እማማ ዘነበች መደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውጭው ሁሉ ጉም ነው።

"በዚያ ማግስት ወደ ቢሮ ብቻውን መጥቶ ነበር" አልኳቸው።

"እሄዳለሁ ያለኝ ወደ ገበያ ነው" አሉ። "አንብቢው።"

ቃሉን ሳላሳምር አነበብኩ። "የዘነበች ልጅ ብቻውን መጣ። በር ላይ ቆሟል። ግባ ብለው አልገባም። አስቴርን ነው የሚያየው። እሷ አንገቷን አላነሳችም።"

እኔ አላስታውስም። ያን ቀን በር ላይ ሰው ስለመኖሩ ምንም ትዝታ የለኝም።

የእማማ ዘነበች ዓይን በሩ ላይ ነበር። እኔም ወደዚያው አየሁ። ጉሙ ደፉ ድረስ መጥቷል።

"አሁን አንቺ ግባ በይው" አሉኝ።

ተነሣሁ። በእናቴ ቋንቋ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ግባ አልኩ።

እማማ ዘነበች ከመደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።